መርከበኛ የሚፈራው መሬትን ነው

እንዴት አመሻችሁ? እስቲ ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፣ እዚህ ባዶ ወንበር አለ፣ አልነክስም። እናቶች አባቶች፣ ወንድም እህቶቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ዝናብ ስትሯሯጡ ከርማችሁ ቅዳሜ ማታ ስለ ስዕል ለመስማት መምጣታችሁ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አዘጋጆቹ "ስለምትሰራበት ቦታ አንድ ነገር ንገረን" ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ነበር ያልኩት። የስዕል ምሁር አይደለሁም እኮ፣ እዚህ ሆላንድ ሙዚየም ውስጥ ጥበቃ ነኝ። ስራዬ መቆም ነው፣ "አትንኩ" ማለት ነው፣ ሽንት ቤቱን ማሳየት ነው። ግን ቆይቼ ሳስበው ቀኑን ሙሉ አንድ ስዕል ፊት የሚቆም ሰው ከጥበቃ ሌላ ማን አለ? ፕሮፌሰሩ ግማሽ ሰዓት አይቶ ይሄዳል፣ ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ። እና የቀረሁትን ያህል ላውራ ብዬ መጣሁ።

የማወራው ስለ ማዕበል ስዕሎች ነው። ታውቋቸዋላችሁ፣ ጥቁር ደመና፣ ነጭ አረፋ፣ ወደ ጎን የተጋደመች መርከብ፣ በየሙዚየሙ አሉ፣ ኮፒያቸው በየሆቴሉ ኮሪደርና በየጥርስ ሀኪሙ መጠበቂያ ክፍል ተሰቅሏል። ሆላንዶች በ1600ዎቹ እንዲህ ያለ ስዕል በሺህ የሚቆጠር ሰርተዋል (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ ቀንሱ እያላችሁ እንዳትደክሙ)።

ሶስት ነገር አለኝ። አንደኛ ስዕሉ እንዴት ነው የሚታየው? ሁለተኛ እነማን ናቸው የሳሉት? ሶስተኛ ማን ነው ይሄን አስፈሪ ነገር ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለው? ሰዓት ካለቀ ሶስተኛውን እናሳጥረዋለን፣ ሰብሳቢያችን እዚያ ጋ ሰዓቱን እያየ ነው፣ አይቼሃለሁ።

እሺ፣ አንደኛው። ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ መርከቡን ያያል፣ ከዚያ ሞገዱን ያያል፣ "ዋው" ይላል፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል። እኔም ስራ የጀመርኩ ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ፣ ሙሉ ዕድሜያቸውን መርከብ ላይ የሰሩና ጡረታ የወጡ ሰውዬ፣ ጣታቸውን ወደ ስዕሉ አስጠግተው ቆመው አገኘኋቸው፣ ጣት ሳይ እኔ ደግሞ መቅረብ ግዴታዬ ነው፣ ቀረብ አልኩ። ሰውዬው ዞር ብለው "ባንዲራውን እየው" አሉኝ። አየሁት። "ወዴት ነው የሚውለበለበው?" ወደ ቀኝ። "መሬቱስ የት ነው?" በቀኝ በኩል። "እንግዲያው እነዚህ ሰዎች አልቆላቸዋል፣ መልሕቁ ካልያዘላቸው እስኪመሽ አይቆዩም" ብለውኝ ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስዕሎቹን የማያቸው በሌላ ዓይን ነው። መጀመሪያ ነፋሱን ነው የምፈልገው። ነፋስ አይታይም አይደል? ግን ሰዓሊው በባንዲራው፣ በሸራው ሆድ፣ በአረፋው፣ በሚበሩት ወፎች ሳይቀር ይነግራችኋል። ቀጥሎ መሬቱ በየት በኩል እንደሆነ ታያላችሁ። ቀጥሎ መርከቧ በሁለቱ መሃል መሆን አለመሆኗን። በቃ፣ ይሄው ነው፣ ታሪኩን አነበባችሁት።

ለምን መሰላችሁ፣ የዚያ ዘመን መርከብ ሞተር የላትም። በቀጥታ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሄድ አትችልም፣ አግድም አግድም እያለች፣ ዚግዛግ እየሰራች ነው ትንሽ ትንሽ የምታተርፈው፣ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ እሱንም አትችልም፣ በየሰዓቱ ወደ ጎን እየተገፋች ነው የምትሄደው። መሃል ባህር ላይ ከሆነች ችግር የለም፣ ማለቴ ችግር አለ ግን ቦታ አላት፣ ሸራውን ትሰበስባለች፣ ነፋሱ ወደወሰዳት እየተንሳፈፈች ወጀቡ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። መሬት ከጎኗ ካለና ነፋሱ ወደዚያው ከገፋት ግን ቦታ የላትም። ያኔ መልሕቅ ይጣላል። መልሕቁ አሸዋው ላይ እየተንሸራተተ እምቢ ካለ መጥረቢያ ይመጣና ምሰሶው ይቆረጣል፣ ነፋሱ የሚይዘው ነገር እንዲቀንስ። ስለዚህ ስዕል ላይ ምሰሶ የሌላት መርከብ ስታዩ ሁልጊዜ ነፋስ ሰብሮት እንዳይመስላችሁ፣ ሰዎቹ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ቆርጠውት ሊሆን ይችላል። መርከቡን ለማዳን የመርከቡን ግማሽ መጣል ማለት ነው።

አሁን እኛ የደጋ ሰዎች ነን አብዛኞቻችን። መሬት ስናይ "ተመስገን፣ ወጣን" ነው የምንለው። መርከበኛ ግን በወጀብ መሬት ሲያይ ነው ላብ የሚያጠምቀው። መርከበኛ የሚፈራው መሬትን ነው! ይቺን ከያዛችሁልኝ የዛሬው ንግግር ተሳክቷል።

እስቲ ስላይዱን ቀይርልኝ። ይሄ የሰዓሊው የሉዶልፍ ባክሃውዘን ነው፣ 1667፣ አሜሪካ ዋሽንግተን በናሽናል ጋለሪ የሚገኝ። መርከቦቹ አለት ወዳለበት ዳርቻ እየተገፉ ነው፣ ታች ጥጉ ላይ የተሰበረ ምሰሶ ይንሳፈፋል፣ ማለት አንዷ ከነሰዎቿ አልቃለች። ላይ በግራ ደግሞ ደመናው ከፈት ብሎ ወርቅማ ብርሃን ገብቷል፣ ወጀቡ ሊያልፍ ነው፣ ጥያቄው እስኪያልፍ ይቆያሉ ወይ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ፣ ሆላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ አለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም! አገሩ በሙሉ አሸዋና ጭቃ ነው። አለቱ የሰው አገር ነው ወይ የሰዓሊው ፈጠራ ነው። የሆላንድ መርከብ የሚሰበረው በአብዛኛው አሸዋ ላይ ነው፣ ግን አሸዋ ለስዕል አያስፈራም።

አሸዋ ካልኩ አይቀር። በክረምት ከሰሜን ሆላንድ ጫፍ፣ ከደን ሄልደር፣ ወደ ቴክሰል ደሴት በፌሪ ተሻግራችሁ ታውቃላችሁ? ሃያ ደቂቃ ገደማ ናት፣ ምንም አይደለችም። ከጓደኛዬ ጋር ስሄድ ሰማዩ ልክ ሙዚየም ውስጥ እንደማየው ነበር፣ ያ ግራጫ፣ እኔ እኮ ሰዓሊዎቹ ቀለም አልቆባቸው ይመስለኝ ነበር። ሞገዱ አጭር አጭር ነው፣ ቀጥ ያለና የተደራረበ፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል፣ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ነው እንደዚያ የሚሆነው። ጓደኛዬ ቡናውን ልብሱ ላይ ደፍቶ "ለዚህ ነው እንዴ ብር ከፍለን የመጣነው" አለኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ያ ውሃ ታሪክ ያለው ውሃ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአምስተርዳም ትልልቅ መርከቦች ሙሉ ጭነት ይዘው ከተማው ድረስ መግባት አይችሉም ነበር፣ የውስጡ ባህር ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ቴክሰል ጋ ቆመው ጭነት በትንንሽ ጀልባ ይመላለስላቸዋል፣ ጥሩ ነፋስ እስኪመጣም እዚያው ይጠብቃሉ፣ አንዳንዴ ለሳምንታት። በ1593 ዲሴምበር 24፣ ለገና ዋዜማ፣ 150 ያህል መርከቦች እዚያ ቆመው ሲጠብቁ ወጀብ መጣ፣ በአንድ ሌሊት 40 ያህሉ ሰጠሙ። መሃል ውቅያኖስ አይደለም፣ መሬት እያዩ ነው፣ መልሕቅ ጥለው ነው። ከከሰሩት አንዱ ሩመር ቪስኸር የሚባል የአምስተርዳም ነጋዴና ገጣሚ ነበር፣ ከሶስት ወር በኋላ ሴት ልጅ ስትወለድለት ማሪያ ቴሰልስኻደ ብሎ አወጣላት፣ "የቴክሰል ጉዳት" ማለት ነው። እኛ ልጅ በችግር ጊዜ ሲወለድ ችግሩን ስም እንደምናደርገው ማለት ነው። ያቺ ልጅ አድጋ በዘመኗ ስመ ጥር ገጣሚ ሆናለች።

ከዚህ ሳልወጣ አንድ ነገር፣ አጭር ነው። አንድ የኛ አገር ልጅ፣ በሊቢያ በኩል የመጣ፣ ሙዚየም መጥቶ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ጋር። እነዚህን ስዕሎች ሳሳየው የመርከበኛውን ታሪክ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "እኛም መሬት ሳናይ ደህና ነበርን፣ መሬቱ ሲታይ ሁሉም በአንድ በኩል ተነሳ፣ ያኔ ነው ጀልባው የተገለበጠው" አለኝ። ስለዚህ ነገር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቁ አሉ፣ እኔ አልጨምርበትም።

ሁለተኛው፣ ሰዓሊዎቹ። ሁሉንም ብጠራ እንነጋለን፣ የወደድኳቸውን ብቻ።

የመጀመሪያው የሃርለሙ ሄንድሪክ ቭሮም ነው፣ የዚህ ዓይነት ስዕል አባት የሚባለው። ካረል ፋን ማንደር በ1604 ባሳተመው የሰዓሊዎች መጽሐፍ ላይ ታሪኩን ጽፎታል። ቭሮም የቅዱሳን ስዕሎች ሰርቶ ስፔን ሊሸጥ መርከብ ተሳፍሮ ሲሄድ በወጀብ ፖርቹጋል ዳርቻ ላይ ተሰበሩ። ስዕሎቹን ውሃው ተፋቸው፣ መነኮሳት አገኟቸው፣ የቅዱሳን ስዕል የያዘ ሰው ክርስቲያን መሆን አለበት ብለው ሰዎቹን ረዷቸው። ስዕሉ አዳነው ማለት ነው በቀጥታ! ከዚያ ምን አደረገ? ያን የተሰበሩበትን ወጀብ ሳለው፣ ሸጠው፣ ጥሩ ዋጋ አወጣለት። እዚያው ላይ ነው ገበያ እንዳለ የገባው። እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ፣ ልብሱ ሳይደርቅ ስራ የሚጀምር።

የቭሮም መርከቦች ቆንጆ ናቸው፣ ገመዱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ባህሩ ግን አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ባህሩን ባህር ያደረገው ያን ፖርሴሊስ ነው። እሱ ትልልቆቹን መርከቦች ትቶ ትንንሽ የአሳ ጀልባዎችን ሳለ፣ አድማሱን ወደ ታች አወረደው፣ ከስዕሉ አብዛኛውን ለሰማይ ሰጠው፣ ቀለሙን ወደ ግራጫና ቡናማ ቀነሰው። በስስ ስለሚቀባ የሚስልበት እንጨት ቡናማ ከስር ይታያል። በኋላ የመጣ ጸሐፊ፣ ሳሙኤል ፋን ሆኽስትራተን፣ የባህር ስዕል ራፋኤል ብሎታል፣ መልአኩን አይደለም፣ ታላቁን የጣሊያን ሰዓሊ ማለቱ ነው፣ ታላቁ የሆላንድ ሰዓሊ ሬምብራንትም ራሱ የሱን ስራዎች ገዝቶ ቤቱ ነበሩት። ግን ይሄ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ፖርሴሊስ ምን ይሰራ ነበር? በ1615 አንትወርፕ ውስጥ ከአንድ በርሜል ሰሪ ጋር ውል ፈርሟል፣ በ20 ሳምንት 40 የባህር ስዕል ሊያስረክብ። በሳምንት ሁለት! ግራጫውና ስስ ቀለሙ ጥበብ ነው፣ እስማማለሁ፣ ግን በሳምንት ሁለት ማስረከብ ያለበት ሰው ቀለም ቶሎ መቀባትን መማሩ አይቀርም። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ምሁር ካለ ይቃወመኝ።

ከዚያ አባትና ልጅ ቪለም ፋን ደ ፌልደዎች። አባትየው ጦርነት ሲኖር በትንሽ ጀልባ ከመርከቦቹ መሃል ገብቶ ይስል ነበር፣ ጥይት እየተተኮሰ። በ1666 የሆላንድ ባህር ኃይል አዛዥ አድሚራል ሚኺል ደ ራውተር ራሱ ለጀልባው ካፒቴን "ይሄን ሰው መሳል ወደፈለገበት ውሰደው" ብሎ ትዕዛዝ ሰጥቷል። የዛሬ የጦርነት ጋዜጠኛ በሉት። ልጅየው ደግሞ የቀለም ሰው ነው። በ1672 እንግሊዝም ፈረንሳይም ሆላንድ ላይ ዘምተው ገበያው ሲሞት ሁለቱ ወዴት ሄዱ? እንግሊዝ! ወደ ጠላት! ንጉስ ቻርልስ ሁለተኛ በ1674 ለእያንዳንዳቸው በዓመት 100 ፓውንድ ደሞዝ ቆረጠላቸው፣ አባትየው የባህር ጦርነቱን በእርሳስ እንዲነድፍ፣ ልጅየው ንድፉን በቀለም እንዲሰራ። ትናንት እንግሊዝ ስትመታ የሳሉ ሰዎች ናቸው እኮ። ሰው የእንጀራውን ነገር ሲያስብ... እኛም እዚህ አገር ያለነው በምን ሆነና።

አምስተርዳም ያለው ትልቁ ሙዚየም፣ ራይክስሙዚየም፣ ስትሄዱ የልጅየውን «ድንገተኛ ነፋስ» የሚባለውን ፈልጉ፣ 1680 ገደማ የተሳለ ነው። እንግሊዝ ከሄዱ በኋላ መሆኑ ነው። ስዕሉ ትልቅ አይደለም፣ ሜትር አይሞላም። መርከቧ ክፉኛ ተጋድማለች፣ ሰው ሁሉ አለቀላቸው ይላል። እናንተ ግን አሁን ታውቃላችሁ፣ ምን ነበር የምንፈልገው? መሬት! መሬት የለም፣ መሃል ባህር ናት። ያ ሽማግሌ ቢያዩት "እነዚህስ ይተርፋሉ" የሚሉ ይመስለኛል።

ባክሃውዘንን ስላይዱ ላይ አይታችሁታል። ጀርመን ውስጥ ኤምደን የተወለደ ነው፣ አምስተርዳም የመጣው ንግድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሊሆን ነው፣ የእጅ ጽሁፉ ያማረ ነበር። ወጀብ ሲነሳ ጀልባ ተከራይቶ ሊያይ ይወጣ ነበር ይባላል። ቤተሰቡ ምን ይል እንደነበር አልተጻፈም።

ሬምብራንትስ? ትሉኝ ይሆናል። ሬምብራንት በዕድሜው የባህር ስዕል የሳለው አንድ ብቻ ነው፣ በ1633፣ ጌታ በገሊላ ባህር ወጀቡን ሊገስጽ ሲል፣ ማርቆስ ምዕራፍ 4 ላይ ያለውን። ጀልባው ውስጥ ያሉትን ብትቆጥሩ 14 ናቸው፣ ጌታ አንድ፣ ሐዋርያት 12፣ አንድ ትርፍ አለ። ትርፉ ገመድ ይዞ ወደኛ የሚያየው ሬምብራንት ራሱ ነው ይባላል። አንዱ ሐዋርያ ደግሞ ወደ ባህሩ ጎንበስ ብሎ እያስመለሰው ነው። ይሄን የሚስል ሰው ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ያውቃል፣ አትጠራጠሩ።

ግን ይሄን ስዕል ዛሬ ማየት አትችሉም። በ1990 ማርች 18 በሌሊት፣ ሁለት ሌቦች የፖሊስ ልብስ ለብሰው ቦስተን ያለውን የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም አንኳኩ፣ ጥበቃዎቹ ከፈቱላቸው፣ ምድር ቤት ታሰሩ፣ ሌቦቹ 81 ደቂቃ ውስጥ ተንሸራሽረው 13 ነገር ይዘው ወጡ። እስከዛሬ አልተገኘም፣ ባዶው ፍሬም አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አለው። አትሳቁ! እኔ ይሄን ታሪክ ሳስብ ስለ ሬምብራንት አይደለም የማስበው፣ ስለ ጥበቃዎቹ ነው። በር ላይ ፖሊስ ሲመጣ ማን አይከፍትም? እኔ ስራ ስጀምር ከነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር አንዱ ነው፣ ሌሊት ማንም ቢመጣ፣ ዩኒፎርም ቢለብስም፣ መጀመሪያ ስልክ ደውል።

ሶስተኛው... እሺ፣ እሺ፣ አያለሁ፣ አስር ደቂቃ።

ማን ገዛው? ንጉስና ጳጳስ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ መበለት። ስዕሉ ብዙ ስለሆነ ርካሽ ነበር። ከዚያ ደግሞ ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ መርከብ የአንድ ሰው አይደለም፣ በድርሻ ነው የሚያዘው፣ አንድ አስራ ስድስተኛ፣ አንድ ሰላሳ ሁለተኛ፣ አንድ ስልሳ አራተኛ። አምስተርዳም በ1598 የባህር ኢንሹራንስ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ ከፍታለች፣ በ1602 ከእስያ ቅመም የሚያመጣው የምስራቅ ህንድ ኩባንያ ሲቋቋም ደግሞ ተራው ሰው አክሲዮን ገዝቷል። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያን ስዕል የሚያየው ሰው የመርከቧ ሰላሳ ሁለተኛ የራሱ ሊሆን ይችላል። ሙዚየሞች ከስዕሉ አጠገብ "መርከቡ የሰው ልጅ ህይወት ምሳሌ ነው፣ ወጀቡ ፈተና ነው" ብለው ይጽፋሉ። እሺ፣ ይሁን፣ ያ ዘመን ምሳሌ ይወዳል፣ አልክድም። ግን በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ገንዘቡን ባህር ላይ የበተነ ሰው ወጀብ ሲያይ መጀመሪያ ስለ ነፍሱ ያስባል? እኔ አይመስለኝም።

ገንዘብ ብቻም አይደለም፣ ባል አለ፣ ልጅ አለ። ዱብሊን አየርላንድ ያለውን የኻብሪየል ሜትሱን ስዕል በስልካችሁ ፈልጉት። አንዲት ሴት መስኮት ስር ተቀምጣ ደብዳቤ ታነባለች፣ ሰራተኛዋ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳው ላይ ካለ ስዕል መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ታያለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ምንድነው? መርከቦች፣ በወጀብ ውስጥ! ደብዳቤው ምን እንደሚል አይነገረንም። ሰራተኛዋ ግን የገባት ይመስላል።

እና ደግሞ የማይታየውን እንናገር። እነዚህ መርከቦች ወዴት ነበር የሚሄዱት? የምዕራብ ህንድ ኩባንያ የሚባለው በ1621 ነው የተቋቋመው፣ የአፍሪካ ሰዎችን በባርነት ጭኖ አትላንቲክን ያሻግር ነበር። የምስራቁም ቢሆን በባርነትና በጠመንጃ ነው የከበረው። የመርከቡን ገመድ አንድ በአንድ የሳለ ሰዓሊ የመርከቡን ሆድ አይስልም። እኔ አዳራሹ ውስጥ ስቆም ይሄ ትዝ ይለኛል፣ ቆዳዬ ይሄ ሆኖ እንዴት ትዝ አይለኝም። ስዕሉን ግን አልጠላውም። ሁለቱን አብሬ ነው የማየው፣ እናንተም እንደዚያ ብታዩት ነው የሚሻለው።

መጨረሻ ላይ ዴን ሃግ ለምንኖር። ስኸፈኒንገን፣ ባህር ዳርቻው ጋ፣ በበጋ አይስክሬም ልትበሉ ትሄዳላችሁ አይደል? እዚያ እስከ 1904 ወደብ አልነበረም። አሳ አጥማጆቹ ሆዳቸው ጠፍጣፋ በሆነ ጀልባ ነው የሚሰሩት፣ ሲመለሱ በቀጥታ አሸዋው ላይ ይወጣሉ፣ ጀልባው እዚያው ዳርቻ ላይ ተደርድሮ ያድራል። በ1894 ዲሴምበር ወጀብ መጣና ዳርቻው ላይ የቆሙትን ጀልባዎች ሰባበራቸው። ባህር ላይ ሳይሆኑ፣ መሬት ላይ ቆመው! ከዚያ በኋላ ነው ወደብ ይሰራልን የሚለው ጩኸት ተሰምቶ ወደቡ የተሰራው። እነዚያን ጀልባዎች ሄንድሪክ ቪለም መስዳኽ፣ መጀመሪያ ባንክ ይሰራ የነበረ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ስሏቸዋል። በ1881 የሰራው ክብ ስዕል፣ ቁመቱ 14 ሜትር ዙሪያው 120 ሜትር የሆነ፣ እዚሁ ከተማ መሃል አለ፣ በእግር የሚደረስበት ነው፣ ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? ...ሁለት ሰው። አይ እኛ!

ፋን ኾኽም (ቫን ጎግ የምትሉት ሰዓሊ) በ1882 እዚያው ዳርቻ ላይ ነፋስ ውስጥ ቆሞ ስሏል፣ አሸዋው እርጥብ ቀለሙ ላይ እየበረረ ተጣብቆበት ዛሬም በአጉሊ መነጽር ይታያል። እሱም ስዕል በ2002 ከአምስተርዳም ተሰርቆ በ2016 ጣሊያን ኔፕልስ አካባቢ ከማፊያ እጅ ተገኝቷል፣ ይሄኛው እንኳን ተመልሷል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ወር ልጆቹን ይዘን ራይክስሙዚየም እንሄዳለን ተባብለናል፣ ከ18 ዓመት በታች ነጻ ነው፣ ስም መዝገቡ በር ጋ ነው። ልጆቹን ባንዲራውን ፈልጉ በሏቸው፣ ከኛ ቀድመው ነው የሚያገኙት። ጣት ግን ራቅ!

ጥያቄ ያለው? እሺ፣ አንቺ እህቴ ቀድመሻል፣ ቀጥሎ አባባ፣ ማይኩን አቀብሏቸው።